ሽታሁንን ማወፈር

ሰው ቀጠነ ተብሎ ይታፈራል? እኔ ቀሚስ ሁሉ እምቢ ያለኝ ሴት ነኝና ቅጥነትን በምኞት እንጂ በሐፍረት አላውቀውም ነበር። መምህር ሽታሁን ከባሕር ዳር ሆስፒታል ተመልሶ ከባጃጅ ሲወርድ ግን አፈርኩ። ሱሪው ወገቡ ላይ በቀበቶ ተጨምድዶ ታስሯል፤ ኮሌታው ለአንገቱ ሰፍቶታል። «ሳብሪያ፣ እንደምን ከረማችሁ?» ሲለኝ ዐይኔን የማሳርፍበት ጠፍቶኝ ያጠፍኩትን ጨርቅ ደግሜ አጠፍኩ። ማፈሬን አየ መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሽታሁን ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አስተማሪ ነው። እኔ እዚሁ ሞጣ መንገድ ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ባሌ ከማሉዲን ከጎኔ ሻይ ቤት አለው። ሽታሁን ከእኛ ጋር ከመክረሙ የተነሳ ተከራይ ማለቱን ትተነዋል፣ ቤተሰብ ነው። አላገባም። ለምን እንዳላገባ ወላሂ ስንቴ ጠይቄዋለሁ፤ ይስቃል እንጂ አይመልስም። አንዳንዴ ዝምታው ያናድደኛል።

በሽታው የልብ ነው። አንዱ የልቡ በር ተበላሽቷል፣ አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ጥገና መሠራት አለበት፣ ቀጠሮም ተይዞለታል። ነገር ግን በዚያ ሰውነቱ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም አሉ ሐኪሞቹ። እስከ ቀጠሮው ሥጋ ይልበስ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ቶሎ ቶሎ ይብላ፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ኦቾሎኒውን፣ ጥራጥሬውን አታጓድሉበት አሉ። ጨው ግን እንዳይነካ። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው የደከመ ልቡን ያስጨንቀዋል። እንግዲህ ብላ፣ ወፍር፣ ጨው ግን አትቅመስ! ለኛ አገር ሰው ይኼ ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው?

ብቻውን ሞከረ፣ አላህ ያውቃል ሞክሯል። ጨው የሌለው የተቀቀለ ድንች ይዞ በር ላይ ተቀምጦ ሲያኝክ አየው ነበር። ያኝካል፣ ያኝካል፣ አልወርድ ይለዋል። እኔ ሳልፍ ሳህኑን ከኋላው ይደብቃል፤ የሚበላው የሕፃን ምግብ መስሎት ያፍራል። ይባስ ብሎ ሲከሳ ከማሉዲን አላስቻለውም፣ ቢቸና ላሉት እህቱ ደወለ።

እትዬ ሀብትነሽ በማግስቱ ከች አሉ። ሽታሁንን እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቢቸና ላይ በባልትና ስማቸው የተጠራ ነው፤ ሠርግም ተዝካርም ቢሆን በርበሬና ሽሮ ካሰናዱ ሰው ጣቱን ይልሳል ይባላል። ከአውቶቡስ ሲወርዱ በየከረጢቱ በርበሬያቸውንና ሽሯቸውን ይዘዋል። ወንድማቸውን አቅፈው ጀርባውን ዳበሱት፣ አጥንቱ እጃቸውን ሲቆረቁራቸው ጊዜ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና የሽታሁንን ቤት መፈተሽ ጀመሩ። የጨው ዕቃውን አግኝተው ይዘው መጥተው ጨርቄ መሐል አስቀመጡት።

«ይኼ ከዚያ ቤት ወጥቷል፤ ምስክሬ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ክፍል ሽታ ሌላ ሆነ። ሽሮው ይንተከተካል፣ ምስር በበርበሬ ይሠራል፣ ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ በርበሬና ቅቤ ይፈስበታል። ሽታሁን በላ። በየሰዓቱ ይጠራል፣ ይጎርሳል። ድስቱ ላይ የጨው ፍንጣሪ እንዳላረፈ እኔም መስካሪ ነኝ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም አያለሁ። ወጡን ግን አልቀመስኩም፣ ጨጓራዬ በርበሬ ካየ ይነሳብኛል። እትዬ ሀብትነሽ ታዲያ ጉራቸው አይጣል ነው። ጨው ጨው የሚሉት እጅ የሌላቸው ናቸው፣ ሙያ ላለው ሰው ጨው ምን ያደርግለታል፣ ይኸው ወንድሜ ያለ ጨው ድስቱን እየጠረገ ነው ይላሉ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይህን ይሰማል። ለእኔ ደግሞ አስተያየታቸው አንቺስ ምን ሙያ አለሽ የሚል ይመስለኛል፣ ይህን አልደብቅም።

መወፈሩን የሚያረጋግጡት የት መሰላችሁ? ጤና ጣቢያ ሄደው እንዳትሉኝ። የጤና ጣቢያ ሚዛን የበሽተኛ ሚዛን ነው፣ ሁልጊዜ ጎደለ ነው የሚለው ብለው፣ በገበያ ቀን የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ያቆሙታል። ከጤፉ ጆንያ ቀጥሎ ተራው የመምህር ሽታሁን ነው። ተማሪዎቹ ያያሉ፣ ወዛደሮቹ ይሳሳቃሉ፤ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ይቆማል፣ ጆሮው ድረስ ይቀላል። ደግነቱ ሚዛኑ ይጨምራል። በየገበያው ይጨምራል። እትዬ ሀብትነሽ እልል ይላሉ፣ ገበያተኛው እጅዎ ይባረክ ይላቸዋል። ፊቱም ሞላ። እኔም አማረብህ ብዬዋለሁ።

ቆይቶ ጫማው እምቢ አለው። እግርም ይወፍራል እንዴ ብዬ ከማሉዲንን ጠየቅሁት፤ እሱም አላወቀም። ሽታሁን በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ከመንገዱ እስከ ግቢያችን ያለችውን ትንሽ ዳገት ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። ለእትዬ ሀብትነሽ ነገርኳቸው። የወፈረ ሰው ያለከልካል፣ አንቺስ ብትሆኚ ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩን ያወጣችው ሲስተር ባንቺዓለም ናት። ከወሎ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፣ ቁርሷን ከማሉዲን ዘንድ ነው የምትበላው። አንድ ማለዳ ሽታሁን ሻዩን ይዞ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ አየችው። ፉሏን ትታ ተነሳች፣ ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ጫን አደረገችና ለቀቀች። ጣቷ የገባበት ጎድጉዶ ቀረ፣ እንደ ለሰለሰ ሊጥ። ይኼ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው፣ ጨው እየበላህ ነው አለችው። ሆስፒታል የሰጡህን ክኒንስ እየዋጥህ ነው ስትለው እየዋጥኩ ነው አላት። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እንዲመጣ አዘዘችው።

ወሬው ከሽታሁን ቀድሞ እትዬ ሀብትነሽ ዘንድ ደረሰ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ መጥተው ሻይ ቤቱ መሐል ቆሙ። አስተማሪዎች በሞሉበት ሰዓት!

«ለወንድሜ ጨው የምታበላው አንተ ነህ» አሉት ከማሉዲንን። «እኔ ሥጋ ሳለብሰው አንተ በፉልህ ትገድለዋለህ!»

ከማሉዲን ከሻይ በቀር ምንም ሰጥቶት እንደማያውቅ ነገራቸው፣ በቁርአን ማለላቸው። አልሰሙትም። ይኸው ይጠየቅ ብለው ወደ ሽታሁን ዞሩ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። አንዲት ቃል ነበር የምትበቃው፤ አልበላሁም ቢል ያልቅ ነበር። ብርጭቆውን እያየ ዝም አለ። ባልደረቦቹ አንዳንዱ ሒሳቡን አስቀምጦ ተነሳ። የበሽተኛ ጠላት ተብሎ ባሌ በገዛ ቤቱ ሲቆም፣ ያ ሰውዬ ዝም አለ! ያን ቀን ለሽታሁን ሰላምታም አልሰጠሁት። ከማሉዲንም ምሳውን አልበላም፤ ምናልባት ሻዩ ላይ አንድ ነገር አለ ይሆን እያለ የስኳሩን ዕቃ ሁሉ ሲያገላብጥ ዋለ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ለሽታሁን አዝኜ አይምሰላችሁ፣ የባሌን ስም ላጠራ ነው። በሽተኛው በአግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ የሲስተር በር ክፍት ነው። ሲስተር መጀመሪያ ከውጭ ትበላለህ ወይ አለችው። ሽታሁን ራሱን ነቀነቀ፣ አልበላም ማለቱ ነው። አሁን ነቀነቀ! እትዬ ሀብትነሽ ይዋሻል አሉ። ሲስተር ተቆጥታ አትጣሉ አለችና፣ እስቲ እማማ፣ ምግቡን ከመጀመሪያ ጀምሮ እንዴት እንደሚሠሩት ይንገሩኝ አለቻቸው።

ይህ ጥያቄ ለእትዬ ሀብትነሽ ሠርግ ነው። ወንበሩን ወደ በሩ አዞሩት፤ ወረፋ የያዘውም ሰው ይስማ ብለው መሆን አለበት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። ሽሮዬ ከሽምብራ ነው፣ ታምሶ ተከክቶ፣ ኮሰረት፣ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ የራሴ በርበሬ ተጨምሮበት ነው የሚፈጨው አሉ። በርበሬዬማ፣ አሉ፣ ዛላውን ራሴ መርጬ፣ ቀንጥሼ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላው ጋር እደልዘዋለሁ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ጨውን በደንብ…

እዚያ ላይ ንግግራቸው ቆመ።

እጃቸው አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። ከደጅ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ጎኗ ያለችው ጎሸመቻት። ሲስተር አልሳቀችም፣ ሽሮው ውስጥም ጨው አለ ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀች። እትዬ ሀብትነሽ ወለሉን እያዩ አለ አሉ። እሳቸው እኮ ውሸት አልተናገሩም። ጨው ማለት ለእሳቸው ድስቱ ላይ የሚበተነው ነው፤ በርበሬው ውስጥ አንዴ የገባው በርበሬ ሆኗል። እኔ ራሴ ከቤቴ በርበሬ ውስጥ ጨው መኖሩን እያወቅሁ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በምስክርነቴ አፈርኩ።

ሲስተር ሐኪሙን ጠራች፤ ሽታሁን ውሃውን የሚያስወጣ መድኃኒት ተወጋ፤ ለጥቂት ቀን እዚያው ተኛ። ውሃው ሲወጣ መዘኑት። ከባጃጅ ከወረደበት ቀን ይልቅ ቀጥኗል። የገበያው እልልታ ሁሉ ውሃ ነበር። አዲስ አበባ ተደውሎ ቀጠሮው ተገፋ፤ እስከዚያ እውነተኛ ሥጋ ካልለበሰ ሁለተኛ እንደማይገፋ ተነገረን።

ቤት በገባ ቀን እትዬ ሀብትነሽ መጀመሪያ ወደ ሻይ ቤቱ ሄዱ። ሰው ሳይጎድል፣ አስተማሪዎቹ ባሉበት፣ ከማሉዲን ፊት ቆመው በደልኩህ ልጄ አሉት። ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ አቀናቸው። ባሌም ዐይኑ ቀላ። ከዚያ ወደ ግቢው ተመለሱ። ሽታሁን በሩ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝምታውን ልወቅሰው አፌን እያሟሸሁ ነበር።

«ጨው እንዳለው አፍህ አልነገረህም?» አሉት።

«ነግሮኛል፣ እታለም።»

«መቼ?»

«ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ።»

ወቀሳዬ አፌ ላይ ቀረ። እትዬ ሀብትነሽ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ታዲያ ለምን አሉት።

«ስታጎርሺኝ ፊትሽን አየሁት» አለ። «እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ነገ ሲሆን ገበያ መሐል እልል ትያለሽ። ደግሞ ስትቆጪ እንደ ልጅነቴ ነው የምሆነው። ከማሉዲንን ስትሰድቢው እንኳ ምላሴ አልተላወሰም። አፈርኩ፣ ግን አልቻልኩም።»

እትዬ ሀብትነሽ ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

«ሳብሪያ፣ ወንድሜ ሞትን ትቶ እኔን ፈራ» አሉኝ። «ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?»

ምን ልበላቸው? ደግ ነዎት ልል ነበር፣ ደግም ናቸው። ግን የጠየቁኝ እሱን አልነበረም። ወንበር አመጣሁላቸውና ወደ ጨርቄ ሄድኩ።

በርበሬውንና ሽሮውን በከረጢቱ እንዳለ ቢቸና ላኩት። ከገበያ ዛላ ገዝተው፣ ያለ ጨው ደልዘው፣ አድርቀው አስፈጩ። ደርሶ ምስር የሠሩበት ቀን ጠርተውኝ ሄድኩ። እንቁላል ቀቅለው፣ አቮካዶ ቆርሰው፣ ምስሩን አውጥተው አቀረቡለት። አላጎረሱትም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሽታሁን ጎረሰ፣ አኘከ።

«እንዴት ነው?» አሉት።

እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«አይጥምም» አለ።

ቢቸናን ሙሉ ጣቱን ያስላሰች እጅ! ፊታቸው ቀላ፣ ጣቶቻቸውን ነጠላው ሥር ደበቁ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሽታሁንም ጠበቀ።

«እሺ» አሉ ዝግ ብለው። «ነገ ሎሚ እጨምርበታለሁ።»

ሽታሁን ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና የማይጥመውን ምስር እስከ መጨረሻው በላው።