የአስጨፋሪዋ ቁርጭምጭሚት

አስጨፋሪነት የኳስ ማድመቂያ ነው ይባላል። አይደለም። ራሱን የቻለ፣ አጥንት የሚሰብር ስፖርት ነው። አሜሪካ ውስጥ የጀመሩት የኮሌጅ ወንዶች ነበሩ፤ ማድመቂያ የተባለው ሴቶች ሲይዙት ነው።

ትናንት አዳማ ስታዲየም በር ላይ የወጌሻ ቅባት ሸተተኝና ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ትዝ አለችኝ። ተማሪዎች ሳለን አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን ከሞጆ ልጆች ጋር ሲጋጠም ሰዓዳ ሁለት ጓደኞቿ ትከሻ ላይ ቆማ ታስጨፍረን ነበር። ድምፅዋ ሻክሯል፤ አቧራው ፊቷ ላይ ከላብ ጋር ተለጥፏል። በመጨረሻ የእኛ ልጆች ጎል አገቡ። የተሸከሟት ጓደኞቿም እንደ ሰው ሁሉ በደስታ ዘለሉ። ሰዓዳ መሬት ላይ ወደቀች።

ቁርጭምጭሚቷ ዓይናችን እያየ አበጠ። የቡድኑ ወጌሻ ቅባቱን ይዞ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ ጨዋታውን ልታይ አብራን የመጣችው እናቴ እጁን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ልጄን ይዩልኝ።»

«እኔ የተጫዋች ወጌሻ ነኝ፣ እትዬ። እሷ ተመልካች ናት።»

«ተመልካች? ወላሂ፣ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ነው የዋለችው! ጎሉን እንኳ አላየችም!»

ሰውየው ሳቀና እግሩን ወደያዘው አጥቂ ሮጠ። የቅባቱ ሽታ ብቻ እኛ ጋ ቀረ። የእናቴን ፊት አይቼ «ተመልካች» ስድብ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም።

ሰዓዳ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ታነክሳለች። ስለዚህ፣ አንባቢ፣ ጭብጨባህን ተወው። የምትደግፈው ክለብ ለአስጨፋሪዎቹም ወጌሻ እንዲቀጥር ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቅ።