የሚተነፍሰው ሬሳ

በሕይወቴ አንድ ፊልም ሠርቻለሁ፤ እሱንም ሞቼ ነው። ከሁሉም በላይ የተለቀሰልኝ እኔ ስለሆንኩ ዋና ተዋናይ ነበርኩ ብል የሚከራከረኝ የለም። ካለም እሱም ሞቶ ያሳየኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ፊልሙ እዚሁ አርባ ምንጭ ተሠርቶ፣ የለቅሶው ትዕይንት ግን እናቴ አገር ገረሴ ተቀረጸ። ለቀስተኛ እንዲሆኑ የተጠሩት ጎረቤቶቻችን፣ ሬሳው ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ ሲያዛጋ ሲያዩ አናለቅስም አሉ። በቁም ላለ ሰው ማልቀስ ሞት መጥራት ነው። ሽማግሌዎች መከሩና እያንዳንዱ የራሱን ሟች እያሰበ እንዲያለቅስ ተስማሙ። እናቴ ግን አጠገቡ ካልተቀመጥኩ ልጄን ከቃሬዛው አንስቼ እወስዳለሁ ብላ አስቸገረች። አዘጋጁ ደስ አለውና የሟች እናት አድርጎ አስቀመጣት። የዚያን ቀን የፈሰሰው እንባ የዓባያን ሐይቅ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎታል።

ፊልሙ በየቪዲዮ ቤቱ ሲታይ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ አይቶ እየተንሰቀሰቀ ወጣ። እኔ እንደ እርሻ በሬ ነበር የምተነፍሰው፤ አንድም ሰው አላየም። ሞቷል ከተባለ ሞቷል፣ አለቀ። ምዕራብ ዓባያ አንዲት ሙዝ ሻጭ በአካል ስታየኝ ሙዟን ጥላ አማተበች።

ያ ሁሉ አለፈ። በቅርቡ፣ እዚህ ተመርቃ የቀረች አንዲት ልጅ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት ከፍታ፣ ፊልሙን አጽድቼ ኢንተርኔት ላይ ልጫነው ብላ ጠራችኝ። ለሙከራ ከለቅሶው ትዕይንት ቁራጭ ለቃ ነበር። የተጻፈውን አስተያየት እየሳቀች አነበበችልኝ። አንዱ ለሬሳው ኦክስጅን አምጡለት ይላል። ሌላው ደግሞ አሮጊቷ አበዛችው ይላል።

እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው። ያኔ ተመልካች እንባውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ጣቱን ይዞ ይመጣል፦ ያቆማል፣ ያጎላል፣ ይመልሳል።

“ጋሼ፣ አሁን ሰው እንዲህ ዓይነቱን አይታገስም” አለችኝ። “የሚተነፍሱበትን ልቁረጠው። አሮጊቷም አብራ ትወጣለች።”

አሮጊቷ እናቴ እንደሆነች አላወቀችም። ቁረጪው ልላት ነበር፤ ግን እስቲ መጀመሪያ የሚወጣውን ልየው አልኳት። ምስሉን አጉልታ አሳየችኝ።

የእናቴ ቀኝ እጅ የለም። ሌሎቹ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ የእሷ እጅ ከለበስኩት ጋቢ ስር ገብቶ ደረቴ ላይ አርፏል። ስተነፍስ ጋቢው ከእጇ ጋር ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ፊቷ የተረጋጋ ነው። ለካ እሷ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ልጇን ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አስታወስኩ። አዘጋጁ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ትንፋሼን እንድይዝ ነገረኝ። ያዝኩ። በቃ ልቀቅ ብሎኝ ነበር፤ እጇ ደረቴ ላይ በድንጋጤ ሲቀዘቅዝ ስለተሰማኝ ግን፣ ቀልደኛ ነኝና፣ ጨምሬ ያዝኩ። ስክሪኑ ላይ እጇ ቀጥ አለ። እናቴ እጇን አየች። ጠበቀች። ፊቴን አየች። ከዚያ ጮኸች።

አበዛችው ያሏት እዚህ ላይ ነው።

ያን ቀን ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ፣ ሬሳነቴ እንዴት ነበር ብዬ ጠይቄያታለሁ። ፊቷን አዞረች። ፊልሙንም እስክትሞት አላየችም። የሞተች ዕለት እኔ ነበርኩ እጄን ደረቷ ላይ ያደረግሁት። ሰዎቹ ዐይኗን እንክደን ሲሉኝ ቆዩ አልኳቸው፤ ብዙ ጠበቅሁ። እንደኔ ትንፋሿን ይዛ ይሆናል ብዬ።

ልጅቷ ጣቷን መቁረጫው ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

“ተዪው” አልኳት። “እናቴ ናት።”

የፊቷ ቀለም ተለወጠ። “ይስቃሉ እኮ ጋሼ” አለች ዝግ ብላ።

“ይሳቁ።”

እንዳለ ተጫነ። እስከ ዛሬ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ እኔም ገብቼ አስተያየቱን አነባለሁ። ያን ቀን ግን ልጅቷ ከመጀመሪያው መልሳ ስታጫውተው፣ የእናቴ እጅ ቀጥ የሚልበት ቦታ ሲደርስ፣ የምትሰማኝ ይመስል ሳላስበው ትንፋሼን ጮክ አድርጌ ሳብኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እናቴ ግን ጮኸች።