በአንድ ቃል ዋጋው የወረደው ፖሊሽ ማሽን

ያ ማሽን ሦስት ሺህ ብርና የጎረቤቴን ዋና ደንበኛ በላ።

ጎረቤቴ ከሚሴ ላይ ከሱቄ አጠገብ መኪና ቀለም ይቀባል። "አንተ ገበያ ታውቃለህ፤ እስቲ አንድ ፖሊሽ ማሽን ፈልግልኝ" አለኝ። በስልኬ ስፈልግ አዲስ አበባ ያለ ሰው የለጠፈውን አየሁና ደወልኩ። አምስት ሺህ ያለውን "ሦስት" ስለው ወዲያው "እሺ ወንድሜ፣ ውሰደው" አለ። ሰንበቴ ከብት ገበያ ላይ ባለበሬ እንዲህ በአንድ ቃል ቢወርድልኝ ጎንበስ ብዬ የበሬውን ሰኮና አይ ነበር። በስልክ ግን ጉብዝናዬ መሰለኝ፤ ፍጥነቱ ይቀነስ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

የመጣው ስፖንጅ የተገጠመበት፣ ፍጥነቱ የማይቀነስ የብረት መሞረጃ (ግራይንደር) ነበር። ጎረቤቴ የደንበኛውን ሚኒባስ በር ሲያስነካው ቀለሙ ተቃጥሎ ቆርቆሮው ወጣ። ባለመኪናው ተቆጥቶ መኪናውን ደሴ ወሰደ።

"ወላሂ፣ የማሽኑን ጩኸት ስሰማ ጠርጥሬ ነበር" አለኝ ጎረቤቴ። "አንተ ያመጣኸው ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ምነው በሰደበኝ! የማሽኑን ዋጋ ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ሲከት ደግሞ መግቢያ አጣሁ፤ አልቀበልም አልኩት። መሞረጃ መሆኑን ነግሬ ለአንድ በያጅ ሸጥኩት።

ሁለት ሺህ ብር ተመለሰ። ደንበኛው አልተመለሰም።