ከፏፏቴው ጀርባ ያለው መስኮት

አባቴ ፎቶ ማንሳት ሲያስተምረኝ አንድ ሕግ ነበረው፤ ብርሃን ከፊት! «ብርሃኑ ከኋላው ከሆነ የሰው ፊት ይጠቁራል፣ ደንበኛሽም ይጣላሻል» ይለኝ ነበር። ዓይኑን ሞራ ሲሸፍነው መቱ ያለውን ፎቶ ቤታችንን ለእኔ ለቀቀልኝ። ለቀቀልኝ እላለሁ እንጂ ጥግ ላይ ተቀምጦ የፍላሹን ድምፅ እያዳመጠ ይቆጣጠረኛል። ያነሳሁትን ግን አንዱንም አይቶልኝ አያውቅም። ከካሜራው ፊት ለፊት ደግሞ ዓይኑ ደህና ሳለ በሸራ ላይ የሳለው የሶር ፏፏቴ ግድግዳውን ሙሉ ይዞ ተሰቅሏል። ሶር እዚሁ አጠገባችን እያለ ስንት ሙሽራ እዚያ ሸራ ፊት ቆሟል! እኔን ያስቀኛል፣ እሱ ይኮራበታል።

አንድ ጠዋት ከያዮ የመጡ ማር ነጋዴ ሴት ጠርሙስ አቅፈው ገቡ። አዲስ አበባ ያለ ባለሱቅ ማራቸውን ሊወስድ አስቦ ነበር። በስልክ የላኩለትን ፎቶ ሲያይ ግን «ይሄ ማር ነው ወይስ የተቃጠለ ዘይት?» አላቸው። እስከ ማታ ደህና ፎቶ ካልደረሰው ከሌላ ሰው ሊገዛ ነው።

«ልጄ፣ ማሬን እንዳታዋርጂብኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምንም አያስቡ» አልኳቸው። ጉራዬ! ስንቱን ቁንጥንጥ ሕፃን ያነሳሁ ሴት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጠርሙስ ያቅተኛል?

አቃተኝ። መጀመሪያ የጉርድ ፎቶውን ነጭ ወረቀት ከኋላው አድርጌ በፍላሽ አነሳሁት፤ ማሩ ጠቁሮ ወጣ፣ ጠርሙሱም ላይ ፍላሹ ነጭ ጠባሳ ጣለበት። ለደንበኛ የምናውሰውን ጥቁር ኮት ከኋላው ሰቀልኩ፤ ጭራሽ ማሩ ኮቱ ውስጥ ጠፋ። ፏፏቴው ፊት ሳቆመው ደግሞ ሽርሽር የወጣ ጠርሙስ መሰለ። መብራቱን ከቀኝ ሞከርኩ፣ ከግራ ሞከርኩ፣ ላቤ ጠብ እስኪል። አባቴ ከጥጉ «ፍላሹን ጨምሪ!» ይላል።

«አባዬ፣ በፈጠረህ ተወኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው ቆጨኝ።

ሴትዮዋ ያነሳሁትን ካሜራው ላይ አዩና ተቆጡ። «የእኔ ማር ይሄ ነው? ነይ እስቲ!» ብለው ጠርሙሱን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ገበያ ላይ ለገዢ እንደሚያሳዩት ወደ ፀሐይዋ ከፍ አደረጉት። «ማር እንዲህ ነው የሚታየው!»

ውይ! ማሩ ከውስጡ በራ። ብርሃኑ ከኋላው ነበር፤ አባቴ ዕድሜ ልኩን ከከለከለኝ ቦታ።

በሩ ላይ እንዳላነሳው የባጃጁ አቧራና የአላፊ አግዳሚው ጥላ አያስቆምም። ቤታችን ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱንም ፏፏቴው ከሸፈነው ስንት ዘመኑ። ሸራውን ላውርደው እንዴት ልበለው? ካሜራዬን ይዤ ተገተርኩ።

«ምን ሆንሽ፣ ለምን ዝም አልሽ?» አለ አባቴ።

«መስኮቱን ፈልጌ ነው፣ አባዬ።»

ሴትዮዋ ጨንቋቸው «ጋሼ፣ ካልሆነም ይቅር» ማለት ሲጀምሩ አባቴ ተነሳ። ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ የመጀመሪያውን ምስማር በገዛ እጁ ነቀለው። ሌላውን እኔ ነቀልኩ፣ ሸራውን አብረን አወረድነው።

ብርሃኑ እንዲለሰልስ የሴትዮዋን ነጠላ መስኮቱ ላይ ጋረድኩ። ጠርሙሱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ከፊቱ በስተጎን ነጭ ካርቶን አቆምኩ፤ ከመስኮቱ የመጣው ብርሃን ካርቶኑ ላይ አርፎ ተመልሶ የጠርሙሱን ፊት እንዲነካው። ከዚያ ፍላሹን አጥፍቼ አነሳሁ።

ፎቶውን ለባለሱቁ ላክንለት። ሦስታችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን። መልሱ ገና ሳይመሽ መጣ፤ «ማሩን ይላኩልን» ይላል። ሴትዮዋ እልልታውን አቀለጡት። የአባቴን ትከሻ ስመው «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑት። ጠርሙሱን ለእኛ ትተውልን ሄዱ።

ሲወጡ «አባዬ፣ ፏፏቴውን ልመልሰው?» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «እዚያ ያለው ቢጫ ነገር ማሩ ነው?»

«አዎ፣ ማሩ ነው።»

«ታየኝ እኮ!» አለ።

ምን ልደብቅ፣ አለቀስኩ። እሱ ግን ወንበሩን ወደ መስኮቱ እየጎተተ ነበር።

«ተይው በቃ» አለኝ። «ሶርን ያማረው ሄዶ ይየው።»