ቡራዩ ታክሲ ተራ ላይ የተጫረው ክብሪት

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወገኖቼ! ዛሬስ እናገራለሁ። "ምስክርነት ያለው?" በተባለ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፣ ቀሚሴን አስተካክዬ መልሼ እቀመጣለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው እህት አንድ ቀን "ምነው፣ ወንበሩ ይቆረቁራል እንዴ?" ብላኛለች። ዛሬ ግን ጌታ ራሱ አስነሳኝ። እልል በሉልኝ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ቡራዩ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋው ብርቄ ነኝ፤ የስንቶቻችሁ ልጆች የለበሱት የእኔን ስፌት ነው። የማታውቁትን ልንገራችሁ። እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ። አዎ፣ ያ ስሙ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት በሽታ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኛል። ያልተኬደበት ቦታ፣ ያልታሰረልኝ ነገር የለም። ስወድቅ ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ "አረፋው ይጋባል፣ እንዳትነኳት" ይባላል፤ ከዚያ አንዱ ክብሪት ይጭርና ጭሱን ወደ አፍንጫዬ ያስጠጋል። ስነቃ መጀመሪያ የሚሸተኝ ያ ጭስ ነው፣ ቀጥሎ የማየው ርቀው የቆሙ እግሮች። እናቴ "አፍሽን ያዢ ልጄ፣ ይሄ ከታወቀ የሚያገባሽ የለም" ትለኝ ነበር። እሷስ ምን ታድርግ፣ አገሩ እንደዚያ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የምሰፋበት ቤት በር ላይ ወደቅሁ። ስነቃ ክብሪት አይሸተኝም። ራሴ የሰው ጭን ላይ ነው። እማማ ዘነበች ነበሩ፣ እኚያ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት፣ መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡት እናታችን። አፌን በነጠላቸው እየጠረጉ "ማነው አትነካም ያለሽ? ጌታ ለምጻሙን በእጁ ነክቶት የለም እንዴ?" አሉኝ። ወገኖቼ፣ እዚያው አፈር ላይ እንደተኛሁ ጌታን ተቀበልኩ! ሃሌሉያ! ሐኪም ቤትም እሳቸው ወሰዱኝ። ሐኪሙ "ይሄ የአንጎል ሕመም ነው፣ አይጋባም፤ ኪኒኑን ሳታቋርጪ ውሰጂ" አለኝ። እማማ ዘነበችም "ጸሎቱንም ኪኒኑንም እንዳትተዪ፣ የሁለቱም ሰጪ አንድ ነው" አሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ የምወድቀው አልፎ አልፎ ነው።

ከገመቹ ጋር ስንተጫጭ ለእሱ ነገርኩት። "እኔ የምፈልገው አንቺን ነው፣ ለእናቴ ግን ቀስ ብለን እንነግራታለን" አለ። ቀስ ብለን ስንል ሽማግሌ ተላከ፣ የሰርጉ ቀን ተቆረጠ፣ እናቱ አዴ ጫልቱ ግን ምንም አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ከሱሉልታ ድረስ ቅቤና አይብ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። "ኢንተላኮ፣ ልጄ" እያሉ ሲመርቁኝ ዋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ተራ ልሸኛቸው ወጣን።

ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊታችን የቆመች አንዲት ተማሪ በድንገት ጮኸችና ተዘረረች። ሰው ሁሉ ብትን አለ። ተራ አስከባሪው "ዞር በሉ፣ እንዳትነኳት" ብሎ ክብሪት ጫረ። ያ ሽታ! ልጅቷን ሳያት ደግሞ የለበሰችው እኔ የሰፋሁትን ዩኒፎርም ነው፤ የላይኛው ቁልፍ አንገቷን አንቆ ይዟታል።

አንድ እርምጃ ስራመድ አዴ ጫልቱ ክንዴን ለቀም አደረጉኝ። "ሂንቱቂን! አትንኪያት፣ ይጋባል" አሉ። ወገኖቼ፣ ነገሩ ገብቷችኋል? ዝም ብዬ ብቆም ሰርጌ አለ። ብንበረከክ "አንቺ በምን አወቅሽ?" ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ አለቀ። ጌታ ሆይ ድረስልኝ አልኩና "አዴ፣ አይጋባም። እኔም ያለብኝ ይኸው ነው" አልኩ። በሹክሹክታ መሰላችሁ? ሰልፉ በሙሉ ሰማ! ረዳቱ እንኳ "አስኮ፣ አስኮ" ማለቱን አቆመ።

ክብሪቱን አስጠፋሁ፣ ቁልፉን ፈታሁ፣ ሹራቤን ከራሷ ስር አድርጌ በጎኗ አስተኛኋት። ስትነቃ ዙሪያዋን አየችና "ሰው አየኝ?" አለች። እኔም በልጅነቴ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነበር። "እኔ አይቼሻለሁ፣ እኔም እንዳንቺ ነኝ" ስላት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዞር ብል አዴ ጫልቱ አጠገቤ የሉም። ታክሲው ውስጥ ገብተው ፊታቸውን አዙረዋል፤ ደህና ሁኚ ሳይሉኝ ሄዱ።

ያን ዕለት ያመሰገንኩ እንዳይመስላችሁ። ከጌታ ጋር ተጣላሁ። "ድፈሪ አልከኝ፣ ይኸው ደፈርኩ፣ ምን ልበልህ እንግዲህ?" እያልኩ አለቀስኩ። ገመቹ ሲደውልም "ሰርጉን እርሳው" አልኩት።

በሳምንቱ በሬ ተንኳኳ። አዴ ጫልቱ ብቻቸውን ቆመዋል። ነገሩን ሊያፈርሱ ነው ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። "እህት ነበረችኝ" አሉ። "እንዳንቺው ይጥላት ነበር። አንድ ቀን እሳት ላይ ወደቀች። ይጋባል ብለን ስንፈራ ማናችንም ቶሎ አላነሳናት።" ከዚያ ነጠላቸውን መሬት ላይ አነጠፉና "በይ ተኚ፤ በጎን እንዴት እንደሚያስተኙ አሳዪኝ። የልጄ ሚስት ስትወድቅ ቆሜ አላይም" አሉኝ። ተኛሁ። ሲያገላብጡኝ ጎኔን ይኮረኩሩኛል፣ እኔ እስቃለሁ፣ እሳቸው ያለቅሳሉ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ተራ አስከባሪውስ? በቀደም አንድ ሰው ሲወድቅ "ክብሪት የሚጭር ታክሲ አይሳፈርም" ብሎ ራሱ በጎኑ አስተኝቶታል። ሲያገኘኝ "ሲስቱ፣ ኬዙን ይዤዋለሁ" ይለኛል። ያቺ ተማሪም ኪኒን ጀምራ ትምህርቷ ላይ ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ ኮሌታ አላጠብቅም።

ወገኖቼ፣ እዚህ መካከል ሕመሙን የደበቀ፣ ልጁንም ጓዳ ያስቀመጠ ካለ፣ ጌታን ይታመነው። ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ቦታ እሱ አይሸሽም፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ሰርጌ ደርሷል፣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ሙሽራዋ ብትወድቅ አትደንግጡ፣ ክብሪትም አታውጡ። ለአማቴ መንገድ ልቀቁላቸው፣ እሳቸው ያውቁበታል።