በእህቴ ጸበል ሥር የተገኘው ነጭ ዝቃጭ

ንፋስ መውጫ ላይ አቤቱታ ማስጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ የአማርኛውን ፊደል ከዳዊት፣ የፈረንጁን ከመድኃኒት ካርቶን ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ዳኛ እንኳ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ጠይቋል። ስለዚህ ስማዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የሺ ሌት ተቀን እንደምትተኛ ስሰማ፣ ነገሩን ለማጣራት ራሴው ተነሣሁ። የሺ መርሳት ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ መርሳት ግን ሰውን አያስተኛም።

ዓርብ ጠዋት

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። አርብ ገበያ ከተማ ስንደርስ ሰውና አህያ መንገዱን ዘግቶታል። ሽሮዬን በልቼ ስወጣ የየሺን ጎረቤት ታደለን ጤፍ ሲሸጥ አገኘሁት።

«የሺ እንዴት ናት?»

«ምን ልንገርህ! ምራቷ ጸበል ታጠጣታለች፣ እሷ ትተኛለች። ጸበል አጋንንት ያስለቅቃል እንጂ ጉልበት ያስለቅቃል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ምንም አላልሁ። የመሬት ደብተሩ ግን የት ነው ያለው?»

ከዚያ በጭነት መኪና ሄድሁ። መንገዱ በገደል አፋፍ ሲጠማዘዝ ሌላው ተሳፋሪ ማርያምን ይጠራል፤ እኔ የማስበው ደብተሩን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ ስማዳ

የሺ መደብ ላይ ተጋድማለች። ወድቃ ግንባሯ ቆስሏል። ዓይኗን ገልጣ «አባባ፣ መጣህ?» አለችኝ፤ አባታችን መስያት። ወዲያው «ጸበሌን!» አለች። ምራቷ ማሬ በጣሳ ሰጠቻት። ጠጥታ ስትጨርስ ጣሳውን ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን ወሰድሁት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቷ ነው፣ ጋሼ። ስትቅበዘበዝና ስትጮህ ጊዜ ከጤና ጣቢያ የሰጧት። በቀን አንድ።»

«በጸበል ደብቀሽ? ማን አስተማረሽ?»

ማሬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እርስዎ ነዎት! አልውጥም ብላ ስትተፋ ብንደውልልዎ፣ ‹ጸበል እምቢ አትልም፤ በጥብጣችሁ ስጧት፤ እኔ አውቃለሁ› አላሉም?»

ብዬ ነበር።

የማሬ ባል፣ የየሺ ልጅ ደሴ፣ ከእርሻ ሲገባ እሱንም መረመርሁት። «እኔማ በሬ ከመጥመዴ በፊት ጸበሏን ስትለምነኝ ከኪኒኑ ጋር እሰጣታለሁ» አለ።

ማሬ ጮኸች። «አንተም? እኔኮ በየቀኑ እሰጣታለሁ! ኪኒኑ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነዋ!»

የሺ መጠጣቷን እየረሳች ሁለቱንም ትለምናለች፤ ሁለቱም ይሰጧታል።

ቅዳሜ

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ባለሙያው በቀን ሁለቴ ትወስድ እንደነበር ሰምቶ፣ ካርዷንም አይቶ አዘነ። «ለአንድ ወር ብቻ ነበር፤ ተመለሱ ብዬ ነበር። እናንተ ስድስት ወር ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ ሰጣችኋት። የጣላትም እሱ ይሆናል» አለ። በአንድ ጊዜ ማቆምም እንደማይገባ ነግሮን መጠኑ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚቀነስ ጻፈልን። እሱንም አላመንሁትም፤ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበብሁት።

ሳምንታት ቆየሁ። አንድ ጠዋት የሺ ራሷ ቀና ብላ ተቀመጠችና አየችኝ።

«አንተ ጉረኛ፣ መቼ መጣህ?»

ቤቴ ገብቼ በዚህ ጉዞ ያከናወንሁትን ጻፍሁ፦

ጸበሉን ከመድኃኒቱ ለየሁ።
ኪኒኑን በአንድ ሰው እጅ፣ በማሬ እጅ አደረግሁ።
የሺ ስትቅበዘበዝ ከማስተኛት ይልቅ እጇን ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲያንሸራሽሯት አስማማሁ።
የመሬት ደብተሩ ያለበት ሣጥን ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አጣራሁ፤ የየሺ አንገት ላይ ነው።
ማሬን ይቅርታ ጠየቅሁ። ይህንም ማንም አላስተማረኝም።