ፊደሉን ትልቅ አድርጊልኝ

ጋሼ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ደወሉና፣ «ልጄ፣ ያ የሠራሽልኝ ነገር ፊደሉ አልታይ አለኝ። መነጽርም ቀየርኩ፣ አልረዳኝም። ትልቅ አድርጊልኝ» አሉኝ። «አምስት ደቂቃ ነው ጋሼ፣ አይጨነቁ» አልኳቸው። ያቺ አምስት ደቂቃ አራት ወር ፈጀች።

ጋሼ አንዋር መስጊድ አጠገብ የቤት ዕቃ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳፋ፣ ድስት፣ ፔርሙስ፣ ትሪ። ልጆቻቸው የየራሳቸውን ሱቅ ከፍተው ስለወጡ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ከሱቁ ጀርባና ፎቅ ላይ፣ ካርቶን እስከ ጣሪያ የተደረደረባቸው ሁለት መጋዘኖች አሏቸው። ካርቶኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከኮሌጅ እንደወጣሁ የጻፍኩላቸው ፕሮግራም ነው። የዕቃውን ስም ሲጽፉለት መጋዘኑንና መደርደሪያውን ይነግራቸዋል። ይህንን ደግሞ ማንንም አያስነብቡም። «ያለኝንና የሌለኝን የምናውቀው እኔና አላህ ነን» ይላሉ። እኔን የሚቆጥሩኝ ከስክሪኑ ጋር ነው።

ችግሩ ፕሮግራሙን የጻፍኩበት መሣሪያ፣ የፕሮግራም መጻፊያው ሶፍትዌር ነው። የውጭ ኩባንያ ሸቀጥ ነው፤ በደህናው ጊዜ አቻ አልነበረውም። ሁሉም ሰው በክራክ፣ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ በሚዞር ቅጂ በሚሠራበት ከተማ እኔ ኦሪጅናሉን ገዛሁ። ጓደኞቼ «ወንዝ ዳር ቆማ የታሸገ ውሃ ትገዛለች» እያሉ ለአንድ ሰሞን መዝናኛ አደረጉኝ። እኔ ግን ኮርቼ ነበር። መሣሪያውን በየሄድኩበት ሳወድስ ሰው ኮሚሽን የሚታሰብልኝ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ኩባንያው ተሸጠ። የገዛውም መልሶ ሸጠው። በተሸጠ ቁጥር አዲስ አርማ ይመጣል፣ አዲስ ዋጋ ይመጣል፣ የምሥራች የሚል ኢሜይል ይመጣል፤ የተበላሸውን የሚያስተካክል ሰው ግን አይመጣም። አንዴ አዲስ ያሉት እትም የአማርኛ ፊደሌን ሁሉ ባዶ ሳጥን አደረገው። ብጽፍላቸው፣ «ችግሩ የሚታየው በጣም ጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ ነው» አሉኝ። ጥቂቶቹ እኔ ነኝ።

ጋሼ በደወሉበት ሰሞን ላፕቶፔ ተበላሽቶ አዲስ ገዝቼ ነበር። መሣሪያውን ልጭንበት ስል፣ ኦሪጅናል መሆኑ ካልተረጋገጠ አልከፈትም አለኝ። የሚያረጋግጠው እዚያ ኩባንያው ጋ ያለ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ አይመልስም። በክራክ የሚሠሩት ጓደኞቼ ማንንም ስለማይጠይቁ ሥራቸውን ቀጥለዋል። አንዱ አዝኖልኝ «ክራኩን ልስጥሽ?» ቢለኝ፣ «የገዛሁትን ቤት በሌባ ቁልፍ አልከፍትም» አልኩት። ስናገረው ደስ ብሎኝ ነበር። እልህ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ክብር ይመስላል።

ለኩባንያው ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፍኩ። አንድ ቀን «ጥያቄዎ መፍትሔ አግኝቶ ተዘግቷል» የሚል መልስ መጣ። «ምን መፍትሔ?» ብዬ ጻፍኩ። ያም መፍትሔ አግኝቶ ተዘጋ።

አንድ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሼ ሱቅ ሄድኩና የኮምፒውተራቸውን ስክሪን ራሱን አጎላሁት። ፊደሉ አደገ፤ «ፈልግ» የሚለው ቁልፍ ግን ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ። እንደነበረ መለስኩት። ጋሼ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሲታዘቡኝ ቆዩና፣

«ከማን ነው የገዛሽው?» አሉኝ።

«ከውጭ ኩባንያ ነው ጋሼ።»

«ሱቁ ተዘግቷል?»

«ክፍት ነው። ሰው ነው የሌለበት።»

«እና የለንም አይሉሽም? የለንም የሚል ነጋዴ እኮ ከጎረቤት አምጥቶ ይሰጥሻል።»

እውነታቸውን ነው። መርካቶ ውስጥ ደንበኛን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ነው። ዕቃው ከሌለው ነጋዴው «ቁጭ በል፣ መጣሁ» ይልና ከጎረቤት ሱቅ አንስቶ ይመጣል፤ ነገ ደግሞ ጎረቤቱ ከሱ ያነሳል። ደንበኛው ዕቃው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ጎረቤቱም ለምን እንዳለቀ አይጠይቅም። እኛ ስናወራ እንኳ ሁለት ደንበኞች መጡ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ተነስተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ፤ አንዴ ፔርሙስ፣ አንዴ ሳፋ ይዘው ተመለሱ። ዕቃው አልቆባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እኔ ማማረሬን ስቀጥል፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለው ሳቁብኝ፤ በድስት ተከበው ሲተርቱ ያምርባቸዋል። ከዚያ፣ «የማይሄድ ዕቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ልጄ። ብትወጂውም ይወርዳል» አሉኝ። አኩርፌ ሄድኩ።

በአራተኛው ወር ከኩባንያው ኢሜይል መጣ። መሣሪያው ከእንግዲህ እንደማይሸጥና እንደማይታደስ ገልጸው፣ ለታማኝነቴ አመሰገኑኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። በማግስቱ ፕሮግራሙን በነጻ በሚገኝ መሣሪያ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት አለቀ። ከሁሉም ያናደደኝ በሁለት ሳምንት ማለቁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወስጄ ጫንኩላቸው፤ የዕቃውን ዝርዝርም ከአሮጌው አዛወርኩ። እያንዳንዱ ፊደል አውራ ጣት ያህላል። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፣ ደግሞ ራቅ አሉ፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

«ፔርሙስ፣ ባለ ሁለት ሊትር፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ሁለተኛ መደርደሪያ።» ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱ። «ሳፋ፣ መካከለኛ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ አንደኛ መደርደሪያ።» ዞረው የመጋዘኑን በር አዩት። «እዚሁ ነበር ለካ» አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ዕቃው አላለቀም ነበር። እኔ ከኩባንያው ጋር እልህ ስጋባ፣ እሳቸው በገዛ መጋዘናቸው ያለውን ዕቃ ማንበብ አቅቷቸው ከጎረቤት ሲያመላልሱ ከርመዋል። ከጎረቤት ማምጣት ወግ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እንኳ አልጠረጠርኩም። በጣም አፈርኩ።

«ጋሼ፣ ለምን አንድ ሰው እንዲያነብልዎት አላደረጉም?» አልኳቸው።

«አምስት ደቂቃ ነው አላልሽኝም?» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ለአምስት ደቂቃ ብዬ ሰው ላስቸግር?»

ቦርሳዬን አስቀምጬ ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ለጎረቤት የሚመለሰው ዕቃ ብዙ ነበር፤ እሳቸው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ያነባሉ፣ እኔ አወጣለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አንዲት ፊደል አልሳቱም።